በእጅ አንጓ ወይስ በብሽሽት? ወደ ልብ የሚያስገቡ ሁለት በሮች

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከተለመደው ርዕሴ ወጥቼ ስለ ልብ የደም ቧንቧ ሕክምና መጻፌ ቢያስገርማችሁ አልፈርድባችሁም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በሚቀጥለው ወር የልብ ቧንቧዬ ይመረመራል፤ ጠባብ ቦታ ከተገኘም እዚያው ይከፈታል ተብያለሁ። ሰው ደግሞ የራሱ ጉዳይ ሲሆን ማንበብ ይወዳል።

ሌላም ምክንያት አለ። ታላቅ ወንድሜ፣ በቤታችን «ወንድም ጋሼ» የምንለው፣ ይህን ሕክምና ሁለት ጊዜ አድርጓል። የመጀመሪያው በ2001 ዓ.ም. ባንኮክ ውስጥ ሲሆን አስታማሚ ሆኜ አብሬው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሲስተሯ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ አቀረበችለት። ወንድም ጋሼ መነጽሩን ስላልያዘ «እስቲ አንብብልኝና ልፈርም» አለኝ። «ፈርም፣ የተለመደ ነው» አልኩት። ከአሥር ዓመት በላይ ደንበኞቼን «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያልኩ ስመክር የኖርኩ ሰው ነበርኩ!

ሐኪሞቹ በቀኝ ብሽሽቱ በኩል ገብተው ሁለት ስቴንት አስቀመጡለት። ልቡ ተረፈ። ማታ ላይ ግን ወገቡን ያመው ጀመር፤ ላብ አጠመቀው፣ የደም ግፊቱ ወረደ። ከተወጋበት ቦታ ወደ ውስጥ ደም ሲፈስ ቆይቶ ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠው። በሦስት ቀን እንመለሳለን ብለን የሄድን ሰዎች አሥራ አንድ ቀን ሰነበትን፤ ጭኑም እስከ ጉልበቱ ድረስ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ሁለተኛው ሕክምና በ2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተደረገለት። ይህኛው በእጅ አንጓው በኩል ነበር። ከጠረጴዛው እንደወረደ ቁጭ አለ፤ በግራ እጁ ሻይ ጠጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ገባ።

የመጀመሪያውን ሆስፒታል ስም አልጠቅስም። ጥፋት ስለመፈጸሙ ማስረጃ የለኝም፤ የደረሰበት ችግር በዚያ መንገድ ሲገባ ሊያጋጥም እንደሚችል የታወቀ ነው። በሌላ በኩል የአንድ ሰው ታሪክ የአንድ ምስክር ቃል ነው፤ በአንድ ምስክር ደግሞ አይፈረድም። ስለዚህ ብዙዎቹን ምስክሮች፣ ማለትም ጥናቶቹን፣ ለማገላበጥ ተነሳሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

ለመሆኑ የሚሠራው ምንድን ነው?

ልብ ለመላው አካል ደም ስትረጭ ራሷም ደም ትፈልጋለች። ይህንን የሚያደርሱላት ኮሮናሪ የሚባሉት የደም ቅዳ ቧንቧዎች ናቸው። ውስጣቸው በስብና በኖራ መሰል ነገር ሲጠብ ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይጨንቀዋል። ያ የተከማቸው ነገር በድንገት ተሰንጥቆ በላዩ ላይ ደም ሲረጋ ደግሞ ቧንቧው ይዘጋል፤ ሃርት አታክ የምንለው ይህ ነው።

ሐኪሙ ችግሩን ለማየት ካቴተር የሚባል ረጅምና ቀጭን ቱቦ በደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ አሳልፎ እስከ ልብ ደጃፍ ያደርሳል። በቱቦው በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይለቅና የጠበበውን ቦታ ያያል። ይህ አንጂዮግራም ነው። መክፈት ካስፈለገ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ያሳልፋል፣ በሽቦው ላይ ትንሽ ፊኛ ይልካል፣ ፊኛውን ነፍቶ ቧንቧውን ያሰፋል፤ ከዚያም ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የተባለውን የብረት መረብ ትቶ ይወጣል። ደረት አይከፈትም፤ በሽተኛውም አብዛኛውን ጊዜ አይተኛም፣ ከሐኪሙ ጋር እያወራ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ቱቦ ከየት ይግባ? የሚለው ነው። ዋናዎቹ በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በብሽሽት ሥር የሚያልፈው ፌሞራል የተባለው ትልቁ የእግር ቧንቧ ነው። ሁለተኛው በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ነርሶች የልብ ምት የሚቆጥሩበት ራዲያል የተባለው ቧንቧ ነው። ከሁለቱም በር ገብተው የሚደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ልብ ላይ የሚሠራውም ሥራ አንድ ዓይነት ነው።

ብሽሽት እንዴት ነገሠ?

የታሪኩን አመጣጥ ስመለከት የገረመኝ ነገር፣ የመጀመሪያው በር ክንድ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ቨርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም መልስ ቧንቧ በኩል ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ካደረሰ በኋላ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሳ። ያኔ እንደ እብድ ነበር የታየው፤ በ1956 ግን ከሁለት ባልደረቦች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1958 ደግሞ አሜሪካዊው ሜሰን ሶንስ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የልብን ቧንቧዎች ለይቶ ፎቶ ማንሳትን ጀመረ፤ የሱም መግቢያ ክርን አካባቢ ያለው የክንድ ቧንቧ ነበር፤ ቆዳው በስለት ይከፈት ነበር።

ብሽሽት ዋናው በር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስዊድናዊው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953 ቆዳን ሳይቀዱ በመርፌና በሽቦ ብቻ ቱቦ ማስገቢያ ዘዴ አሳይቶ ነበር። በ1967 ሜልቪን ጀድኪንስ በብሽሽት በኩል ለሚደረግ የልብ ምርመራ የተለየ ቅርጽ ያላቸውን ቱቦዎች አስተዋወቀ። በመስከረም 1977 አንድሪያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የመጀመሪያውን የልብ ቧንቧ በፊኛ ሲከፍት የገባው በብሽሽት ነበር። የፊኛዎቹን ቱቦዎች በቤቱ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይሠራቸው ነበር። የዚያን ዘመን ዕቃ ወፍራም ነበርና በእጅ አንጓ ቧንቧ አያልፍም። ብሽሽት የነገሠው እንግዲህ ዕቃው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው።

ዕቃው እየቀጠነ ሲሄድ ክርክሩ እንደገና ተከፈተ። በ1989 የሞንትሪያሉ ሉሲየን ካምፖ በእጅ አንጓ በኩል 100 ሕሙማንን መመርመሩን ጽፎ አሳተመ። በ1992 ሆላንዳዊው ፈርዲናንድ ኪመኔይ አምስተርዳም ላይ በዚሁ መንገድ ፊኛና ስቴንት መጠቀም ጀመረ። ይሁንና ልማድ ቶሎ አይለቅም። በአሜሪካ በ2007 መጀመሪያ ላይ በእጅ አንጓ የሚሠራው ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞላም ነበር፤ በ2012 ወደ 16 ከመቶ ደረሰ። ወንድም ጋሼ ባንኮክ በታከመበት ጊዜ በብሽሽት መግባት በብዙ የዓለም ሆስፒታሎች የተለመደ አሠራር ነበር። ያንን ሳውቅ ቅሬታዬ ቀለለልኝ።

ብሽሽት ለምን ይደማል?

ነገሩ የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። የብሽሽቱ ቧንቧ ሰፊ ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ግን ጠልቆ የተቀመጠ ሲሆን በዙሪያው ሥጋና ስብ አለ። ከላዩ ደግሞ ወደ ሆድ ጀርባ የሚያመራ ባዶ ቦታ አለ። መርፌው ጥቂት ከፍ ብሎ ከወጋ ደሙ ወደዚያ ይፈሳል፤ ከውጭ አይታይም። በሽተኛው ወገቡን አመመኝ ሲልና ግፊቱ ሲወርድ ነው የሚታወቀው። ወንድም ጋሼን ያጋጠመው ይኸው ነበር። በተጨማሪም እነዚህ ሕሙማን አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ሄፓሪንን የመሳሰሉ የደም መርጋት መከላከያዎች ይሰጧቸዋል። ያለ እነሱ ስቴንቱ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ የተወጋው ቀዳዳ በቀላሉ አይደፈንም።

የእጅ አንጓው ቧንቧ በአንጻሩ ቀጭን ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ነገር ግን ከቆዳ ሥር ወዲያው ይገኛል፤ ከሥሩ አጥንት አለ። ቢደማ ይታያል፤ በጣት ቢጫኑት ይቆማል። እጅ ደግሞ መጠባበቂያ አለው። በትንሿ ጣት በኩል አልናር የተባለ ሌላ ቧንቧ ይመጣና መዳፍ ውስጥ ከራዲያሉ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ይመግባል።

ልዩነቱ ከሕክምናው በኋላም ይታያል። በብሽሽት የገባ ሰው እግሩን ዘርግቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ፕሮስቴት ያለበት አዛውንት ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በእጅ አንጓ የገባ ሰው እንደ ሰዓት የሚታሰር፣ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ይደረግለትና ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ያልተወሳሰበበት ሰው በዕለቱም ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። የአልጋ እጥረት ባለበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። አንድ አልጋ አንድ ቀን ቀድሞ ሲለቀቅ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይተኛበታል።

ምስክሮቹ ምን አሉ?

ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ዋናው ጥያቄ የመግቢያው በር ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ምስክር እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሪቫል የተባለው ጥናት ነው። በ32 አገሮች በሚገኙ 158 ሆስፒታሎች 7,021 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ30 ቀን ውስጥ ሞት፣ ሃርት አታክ፣ ስትሮክ ወይም ከባድ መድማት የደረሰባቸው ሲቆጠሩ በእጅ 3.7 ከመቶ፣ በብሽሽት 4.0 ከመቶ ሆነ። ይህ በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት አይባልም። የተወጋው ቦታ ላይ ብዙ ደም መጠራቀም ግን በብሽሽት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ 106 ለ42። የእጅ መንገድን አዘውትረው በሚሠሩ ሆስፒታሎችና በከባዱ የሃርት አታክ ዓይነት የተያዙ ሕሙማን ዘንድ የእጅ መንገድ የተሻለ መሆኑን የሚጠቁም ውጤትም ታየ።

በ2012 በጣሊያን በ1,001 ከባድ ሃርት አታክ በያዛቸው ሕሙማን ላይ የተሠራው ሪፍል የተባለ ጥናት በልብ ምክንያት የደረሰው ሞት በብሽሽት 9.2፣ በእጅ 5.2 ከመቶ ነበር አለ። በ2015 የወጣው ማትሪክስ ደግሞ 8,404 ሕሙማንን ይዞ ሞት 2.2 ለ1.6 ከመቶ፣ ከባድ መድማት 2.3 ለ1.6 ከመቶ ሆኖ አገኘው፤ የበዛው በብሽሽት ነበር።

የተቃራኒ ወገን ምስክር መስማት ደግሞ ግዴታ ነው። በ2020 የታተመው ሳፋሪ የተባለ የካናዳ ጥናት 2,292 ሕሙማንን ካየ በኋላ የ30 ቀን ሞት በእጅ 1.5፣ በብሽሽት 1.3 ከመቶ ሆነበት፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ጥናቱም ልዩነት የማሳየት ተስፋው ስለመነመነ ቀድሞ ቆመ። ነገር ግን እዚያ በብሽሽት የሠሩት ሐኪሞች የለመዱት ነበሩ፤ ቀዳዳውን የሚደፍን መሣሪያና የመድማት አደጋው አነስተኛ የሆነ መድኃኒትም በብዛት ተጠቅመዋል። በሌላ አነጋገር ብሽሽት በጥሩ እጅና በጥሩ ዕቃ ሲሠራ ክፉ በር አይደለም።

በ2022 ሰባት ጥናቶችን፣ 21,600 ሕሙማንን፣ አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ያገኙትን በሺህ ላስቀምጠው። በብሽሽት ከገቡት ሺህ ሰዎች 21 ሲሞቱ በእጅ ከገቡት 16 ሞቱ። ከባድ መድማት በብሽሽት ከሺህ 27፣ በእጅ 15 ደረሰ። ከሺህ አምስት ሰው ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ከአምስቱ አንዱ ወንድምህ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

በእነዚህ ማስረጃዎች መሠረት የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2015፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበራት ደግሞ በ2021 ባወጧቸው መመሪያዎች ድንገተኛ የልብ ቧንቧ ሕመም ሲያጋጥም የእጅ መንገድ እንዲቀድም በከፍተኛው ደረጃ መክረዋል። የአውሮፓው ምክር «ልምድ ባለበት ሆስፒታል» የሚል ሁኔታ አለው፤ ይህን ሁኔታ አንርሳው።

የእጅ መንገድ እንከን

የእጅ መንገድ ፍጹም ነው ያለኝ ሐኪም የለም። ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ሲነካ ይኮማተራል፤ በሽተኛውን ያመዋል፣ ቱቦውም አልንቀሳቀስ ይላል። ለዚህ የሚያፍታቱ መድኃኒቶች በቱቦው ይሰጣሉ። አንዳንድ ሰው ደግሞ ቧንቧው ክንዱ ላይ ወይም ትከሻው አካባቢ ይጠማዘዛል። በሪቫል ጥናት በእጅ ከተጀመሩት 7.6 ከመቶ ያህሉ ወደ ሌላ በር መዞር አስፈልጓቸዋል፤ በብሽሽት ከተጀመሩት የዞሩት 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው እንከን ከሕክምናው በኋላ ቧንቧው ሊዘጋ መቻሉ ነው። ብዙውን ጊዜ መጠባበቂያው ስላለ ሕመም አይሰማም፤ ግን ያ በር ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠፋል። ይህን ለመቀነስ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ማሰሪያውም ደሙን ለማቆም በሚበቃ መጠን ብቻ ይጠብቃል እንጂ የደሙን ዝውውር ጨርሶ አይዘጋም። በ2008 በታተመ ጥናት በዚህ ዓይነት አስተሳሰር የተዘጉት ቧንቧዎች በ24 ሰዓት ከ12 ወደ 5 ከመቶ ወርደዋል። አንድ ማሰሪያ በጥንቃቄ ማላላት የነርስ ሥራ ነው። ስለ ልብ ሕክምና ስናወራ የምናመሰግነው ሐኪሙን ብቻ ነው፤ ይህ ግን የሲስተሯ ውለታ ነው።

ሦስተኛው ለኩላሊት ሕሙማን የሚነገር ነው። ወደፊት የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልገው የሚችል ሰው የክንዱ ቧንቧዎች ለእጥበቱ መስመር ያስፈልጉታል። የልብ ቀዶ ሐኪምም ራዲያሉን ቧንቧ አውጥቶ ለልብ መተላለፊያ የሚጠቀምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቀድሞ መናገር አለበት።

ብሽሽት ትክክለኛው በር የሚሆንበት ጊዜ

የልብን ሥራ የሚያግዙ ትላልቅ መሣሪያዎች ማስገባት ሲያስፈልግ፣ የእጅ አንጓው ትርታ ሲጠፋ ወይም ቧንቧው ከቀደመ ሕክምና ሲዘጋ፣ ውስብስብ የሆነ መዘጋት ወፍራም ቱቦ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ ወደ ብሽሽት ይሄዳል። ያኔ መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ ቢገባ ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት ይቀላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁሉም ሐኪም በእጅ ብቻ መሥራት ከለመደ የብሽሽቱን ሙያ ይረሳል፤ ብሽሽት ግድ የሚሆንበት ደግሞ በጣም የታመመው ሰው ነው። ይህንን ባለሙያዎቹ በካምፖ ስም የሚጠራ እንቆቅልሽ አድርገውታል። ጥሩ ሐኪም ማለት እንግዲህ ሁለቱንም በር የሚያውቅ ነው።

የሕግ ሰው አስተያየት

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 2639 ደግሞ የሕክምና ውል ምን እንደሆነ ሲተረጉም ሐኪሙ በሽተኛውን ለማዳን ወይም ጤንነቱን ለመጠበቅ የሚቻለውን ለማድረግ የሚገባው ግዴታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሐኪም ለማዳን ይጥራል እንጂ እንደ ዕቃ ሻጭ ውጤት አያስረክብም። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው እሺ ሲልም ምኑን እሺ እንዳለ ማወቅ አለበት።

የፈቃድ ቅጾቻችን ላይ «መድማት ሊያጋጥም ይችላል» የሚል መስመር አይጠፋም። ከየት በኩል እንደሚገባ፣ ለምን ያ በር እንደተመረጠ፣ ሌላ አማራጭ እንዳለ የሚነገረው ግን ስንቱ ነው? እኛም አንጠይቅም። «ሐኪሙ ያውቃል» እንላለን፤ መጠየቅ ሐኪሙን መጠርጠር ይመስለናል። አይደለም። የመግቢያው በር የሕክምናው አካል ነው፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብታችንም አካል ነው። በበኩሌ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጽፌ ይዣለሁ፦

1. በየት በኩል ነው የምትገቡት? ለምን?

2. እርስዎና ቡድንዎ የትኛውን መንገድ አዘውትራችሁ ትሠራላችሁ?

3. ያ በር እምቢ ካለ ቀጥሎ የት ትሄዳላችሁ?

4. በብሽሽት ከሆነ በአልትራሳውንድ እያያችሁ ነው? ቀዳዳውስ በምን ይዘጋል?

5. ኩላሊቴ፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶችና የቀድሞ ሕክምናዬ በምርጫው ላይ ለውጥ ያመጣሉ?

ሃርት አታክ ይዞት በሌሊት የገባ ሰው ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም፤ እያንዳንዷ ደቂቃ የልብ ሥጋ ናት። ቀጠሮ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ሰዓት አለው።

ቤት ከገቡ በኋላ

በእጅ የታከመ ሰው ለጥቂት ቀናት በዚያ እጅ ከባድ ዕቃ አያንሳ። ደም ከመጣ ቁጭ ብሎ ቦታውን በጣት አጥብቆ ይጫን፤ ካልቆመ እንደተጫነ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እጁ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ አይቆይ። በብሽሽት የታከመ ሰው ደም ከመጣ ይተኛ፤ ሌላ ሰው ይጫንለት፤ አምቡላንስም ይጠራ። ያበጠ ነገር እያደገ ከሄደ፣ ወገብ ወይም ሆድ ካመመ፣ ማዞርና ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ድንገተኛ ነው፤ ከውጭ ደም አለመታየቱ አያዘናጋ። በየትኛውም በር የታከመ ሰው ደግሞ የደም መርጋት መከላከያውን «ደማሁ» ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ስቴንቱ ሊዘጋ ይችላል። ሐኪሙን ይጠይቅ።

ባለፈው ሳምንት ጥያቄዎቼን ይዤ የልብ ሐኪሜ ዘንድ ቀረብኩ። ዕድሜው ከእኔ ልጅ ብዙ የማይርቅ ወጣት ነው። ይቆጣ ይሆን ብዬ ነበር። ወረቀቱን ተቀበለኝና አንድ በአንድ መለሰልኝ፤ «በቀኝ እጅዎ እንጀምራለን ጋሼ፤ ካልሆነ ግራውን እንሞክራለን፤ እሱም ካልሆነ ብሽሽት አለ፤ አልትራሳውንዱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው» አለኝ። ከዚያ የፈቃዱን ቅጽ ሰጠኝ። አራት ገጽ ነው። ቤት ወስጄ አነበብኩት።

ማታ ወንድም ጋሼ ደወለ። ጤንነቴን አልጠየቀኝም፤ «ቅጹን አነበብከው?» አለኝ። «አነበብኩት» አልኩት። «እንግዲያው ፈርም፣ የተለመደ ነው» ብሎ ሳቀ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግረው ያልደፈርኩትን ይቅርታ ያን ማታ ጠየቅኩት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቁጥሩም ትክክል አይሆንም፣ ከዚያ በላይ ዓመታት አልፈዋል፤ ይቅርታውንም የጠየቅኩት በዚህ ጽሑፍ ነው።

ቸር ያሰንብተን።